የላፕቶፕ ዋይፋይ ማጥፊያ ቁልፍ የሚዘጋው ካርዱን ነው ወይስ ሶፍትዌሩን?

ላብ_አዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ ውስጥ የአንድ ማሰልጠኛ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ላፕቶፖች ሁሉም ስላሽ (ያገለገሉ) ናቸው፤ ዓመታቸውም የተለያየ ነው። ሁለት ዓይነት ማሽን ላይ የዋይፋይ ቁልፍ ችግር አለ፤ ጥያቄዬ ግን በዋናነት ስለ አሠራሩ ስለሆነ የድርጅትና የሞዴል ስም አልጻፍኩም።

አንደኛው አሮጌ ነው። በቀኝ ጎኑ የዋይፋይ ማብሪያና ማጥፊያ ስላይደር አለው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቢገፋ ዋይፋዩ አይበራም። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ካርዱ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ይታያል፣ ቢጫ ምልክት የለውም፣ ድራይቨሩም ደህና ነው ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ማብሪያ ግን ግራጫ ሆኗል፤ ቢነኩትም አይንቀሳቀስም።

ሁለተኛው አዲስ ነው። ስላይደር የለውም፤ ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች አንዱ ላይ የአውሮፕላን ምልክት አለ። ዊንዶውስ ላይ ቁልፉ በደንብ ይሠራል። ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ሲጫንበት ግን ዋይፋዩ በሃርድዌር ማጥፊያ ተዘግቷል ይላል። ማሽኑ ላይ የሌለ ማጥፊያ እንዴት ይዘጋዋል?

ጥገና ቤት ሲወሰድ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ፣ ካልሆነ ካርዱ ይቀየር። አንደኛው ማሽን ላይ ሁለቱም ተደርገው ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ መረዳት የምፈልገው ይህን ነው፤ ቁልፉን ስንጫን ምልክቱ በየት በኩል ያልፋል? ካርዱ ጋ የሚደርስ ሽቦ አለ ወይስ ሁሉም የድራይቨር ሥራ ነው? ሳልፈታ ምን ልለይ፣ ከፈታሁ በኋላስ የት ልለካ?

ቦርድ_ጥገና_ፍራንኮ

ሁለቱም አለ ወንድሜ። ሽቦም አለ፣ ድራይቨርም አለ። የትኛው እንደሚያዝ የሚወሰነው ማሽኑ በተሠራበት ዘመንና በሠሪው ነው።

ከካርዱ እንጀምር። የዋይፋይ ካርድ ላይ «ደብሊው ዲሴብል» የሚባል ፒን አለ። 52 ፒን ባለው በአሮጌው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ላይ ፒን 20 ነው። በአዲሱ ኤም.2 ካርድ ላይ ሁለት ሆነዋል፤ ፒን 56 የዋይፋዩ፣ ፒን 54 የብሉቱዙ። ይህ ፒን ወደ ግራውንድ ሲወርድ ካርዱ ሬዲዮውን ይዘጋል። ከፍ ካለ ወይም ከምንም ጋር ካልተገናኘ ሬዲዮው ክፍት ነው፤ ወደ ላይ የሚጎትተው ሬዚስተር ካርዱ ውስጥ ስላለ። በዚህ መንገድ የተዘጋን ሬዲዮ ዊንዶውስም ሊኑክስም አይከፍተውም። ድራይቨሩ የካርዱን ሬጅስተር አንብቦ «በሃርድዌር ተዘግቷል» ብሎ ከማሳወቅ ውጪ ሥልጣን የለውም። ሴቲንግህ ውስጥ ግራጫ የሆነው ለዚህ ነው። ካርዱ ግን ከቦርዱ ጋር በፒሲአይ መስመር መነጋገሩን አያቆምም፤ ስለዚህ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል። ፎርማት ማድረግም ካርድ መቀየርም ያልጠቀመህ ፒኑን የሚጎትተው ነገር ቦርዱ ላይ ስለሆነ ነው፤ አዲሱም ካርድ ገብቶ ያንኑ ፒን ያገኘዋል።

ብሉቱዙ ጠባዩ ይለያል። በአንድ ካርድ ላይ ቢሆኑም ብሉቱዙ የሚሄደው በዩኤስቢ መስመር ነው፤ ብዙ ማሽኖች ሲዘጉት ከዩኤስቢው ላይ ጭራሽ ያነሱታል። ስለዚህ ብሉቱዝ ከዲቫይስ ማናጀር ቢጠፋ ወዲያው ተቃጥሏል አትበሉ።

አሁን ፒኑን ማን ይጎትተዋል የሚለው። በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ስላይደሩ ራሱ፣ በቀጥታ። በብዙዎቹ ግን መሃል ላይ ኢምቤዲድ ኮንትሮለር፣ በአጭሩ ኢሲ የምንለው ቺፕ አለ። ኪቦርዱን፣ ፋኑን፣ ባትሪ መሙላቱን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ቦርዱ ላይ አይቲኢ፣ ኢኤንኢ ወይም ኑቮቶን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልግ። የኤፍኤን ቁልፍን በአብዛኛው ዊንዶውስ አያውቃትም። ኢሲው የኪቦርዱን ረድፍና ዓምድ ራሱ ያነብና «ኤፍኤን ከዚህ ቁልፍ ጋር ተጫነ» ብሎ ይወስናል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው በፈርምዌሩ (ቺፑ ውስጥ ባለው ፕሮግራም) ላይ እንደተጻፈው ነው። ለማንም ሳይናገር ፒኑን ሊጎትት ይችላል። እንደ ተራ የኪቦርድ ቁልፍ ኮድ ሊልክ ይችላል። ወይም ኤሲፒአይ ኢንተራፕት ያስነሳል፤ ባዮሱ ውስጥ ያለው ኮድ ይቀበለውና በደብሊውኤምአይ (ባዮስና ዊንዶውስ በሚነጋገሩበት መንገድ) በኩል ለላፕቶፑ ሠሪ ድራይቨር ያስተላልፋል። በዚህ በመጨረሻው መንገድ ድራይቨሩ ከሌለ ቁልፉ ሞቷል ማለት ነው፤ ቁልፉ ሳይበላሽ።

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 (በፈረንጅ) ወዲህ፣ ነገሩ በአንድ መልክ ተበጅቷል። ቁልፉ ኤችአይዲ የሚባለውን የግቤት ዕቃዎች ደንብ ተከትሎ ራሱን «የሬዲዮ ቁልፍ ነኝ» ብሎ ያስተዋውቃል። በደንቡ ውስጥ የሚጫነው ቁልፍ 0ኤክስሲ6፣ መብራቷ 0ኤክስሲ7፣ ስላይደሩ 0ኤክስሲ8 የሚል ቁጥር አላቸው። ቁልፉ «ተጫንኩ» ይላል እንጂ ምንም አይዘጋም። የሚዘጋው የዊንዶውስ ራዲዮ ማኔጅመንት ሰርቪስ ነው፤ ኤርፕሌን ሞድን ይቀያይራል። የሁለተኛው ማሽንህ ቁልፍ ከዚህ ዘር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መብራቷን አትመኑ። ቁልፉ ላይ ያለችውን መብራት አንዳንዴ የሚያበራት ካርዱ ራሱ ነው (በሚኒ ፒሲአይ ፒን 44፣ በኤም.2 ፒን 6)፣ አንዳንዴ ኢሲው፣ አንዳንዴ ዊንዶውስ። ማን እንደሚያበራት ሳታውቁ «መብራቷ በርታለች፣ ስለዚህ ዋይፋዩ ክፍት ነው» ማለት አይቻልም።

ኔትወርክ_ክፍል

ከላይ የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ ካቻቪቴ ከመያዝህ በፊት ዊንዶውሱ ላይ የሚታይ ነገር አለ። ትእዛዞቹን በንባባቸው ነው የምጽፋቸው፤ ስትጽፍ በእንግሊዝኛ ፊደል አድርገው።

ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈትና «ኔትኤስኤች ደብሊውላን ሾው ኢንተርፌስስ» በል። ከሚወጣው ውስጥ «ራዲዮ ስታተስ» የሚለውን ፈልግ፤ ሁለት መስመር አለው፣ አንዱ ሃርድዌር ሌላው ሶፍትዌር። ሃርድዌር ኦን፣ ሶፍትዌር ኦፍ ካለ ሽቦው ደህና ነው፤ የተዘጋው ዊንዶውስ ውስጥ ነውና ሴቲንግ ገብተህ ክፈተው። ሃርድዌር ኦፍ ካለ ሴቲንጉን መነካካት፣ ድራይቨር ማውጣትና ማስገባት፣ ፎርማት ማድረግ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው። ከዊንዶውስ 11 24ኤች2 እትም ጀምሮ ትእዛዙ የሎኬሽን ፈቃድ ካልበራ መልስ አይሰጥም፤ መጀመሪያ እሱን አብራ።

ቀጥሎ ባዮስ። ለቢሮ ተብለው የተሠሩ ማሽኖች ላይ ብዙ ሰው የማያያቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

በዴል ላቲትዩድ ባዮስ ውስጥ «ዋየርለስ ስዊች» የሚል ገጽ አለ። ስላይደሩ ወይም ቁልፉ የትኞቹን ሬዲዮዎች እንዲያዝ ነው የሚጠይቀው። ከዋይፋዩ ፊት ያለውን ምልክት ካነሳኸው ቁልፉ ዋይፋዩን ማዘዙ ይቀራል። የተሰበረ ስላይደር ያለው ማሽን ላይ ይህ ያለ ምንም ጥገና መፍትሔ ይሆናል። «ዋየርለስ ዲቫይስ ኢኔብል» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ካርዱን ራሱን መፍቀድና መከልከል ስለሆነ ምልክቱ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ኬብል የሚጠቀም ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ ባዮስ ውስጥ «ላን ደብሊውላን አውቶ ስዊቺንግ»፣ በዴል ደግሞ «ዋየርለስ ራዲዮ ኮንትሮል» የሚባል ምርጫ አለ። ሲበራ የኔትወርክ ኬብል በተሰካ ቁጥር ዋይፋዩ ይዘጋል፣ ሲነቀል ይከፈታል። ስላሽ ማሽን ከመጣበት ድርጅት ይህ በርቶበት ሊመጣ ይችላል። ክፍል ውስጥ ኬብል ተሰክቶ «ዋይፋዩ ተበላሸ» ይባላል፤ ጥገና ቤት ያለ ኬብል ሲከፈት ይሠራል፤ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና «ይበላሻል»። ኬብሉን ነቅለህ አንድ ጊዜ ሞክር።

ንጹህ ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ላይ ደግሞ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «አንኖውን ዲቫይስ» ካለ ፕሮፐርቲስ ገብተህ ሃርድዌር አይዲውን እይ። ኤችፒኪው6001 ካለ የኤችፒ የዋየርለስ ቁልፍ ድራይቨር ነው የጎደለው። ዴልኤቢሲኢ ካለ የዴል ኤርፕሌን ሞድ ስዊች ነው። ኤቲኬ4001 ወይም 4002 ካለ የአሱስ ነው። ድራይቨሩ ትንሽ ነው፤ ከሠሪው ድረ ገጽ በማሽኑ ሞዴል ይወርዳል። ከዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር ጋር አታምታታው፤ የኢንቴል ዋይፋይ ድራይቨር ስለጫንክ ቁልፉ አይነሳም።

ቁልፉ ስትጫነው ምንም ካላሳየ ደግሞ የኤፍኤን መቆለፊያውን እይ። በብዙ ማሽን ኤፍኤንና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ ይቀያየራል፤ ባዮስ ውስጥም «አክሽን ኪስ ሞድ» ወይም «ሆትኪ ሞድ» ተብሎ አለ።

ሌላው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ዊንዶውስ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከርነሉን (የሲስተሙን ዋና ክፍል) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ድራይቨሩም እንደተኛ ይነሳል። ቁልፉ ላይ ለውጥ ካደረግህ በኋላ ሻትዳውን ሳይሆን ሪስታርት አድርግ፤ ወይም ሺፍት ይዘህ ሻትዳውን በል።

ሊኑክስ_ሀዋሳ

የሁለተኛውን ማሽን ነገር እኔ ልመልስ፤ በተደጋጋሚ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አርኤፍኪል የሚባል ክፍል አለ፤ ሥራው የማሽኑን ሬዲዮ መዝጊያዎች ሁሉ አንድ ቦታ መመዝገብ ነው። ተርሚናል ላይ «አርኤፍኪል ሊስት» ስትል ለእያንዳንዱ መዝገብ ሁለት መስመር ይሰጥሃል፤ «ሶፍት ብሎክድ» እና «ሃርድ ብሎክድ»። ሶፍት የሆነውን «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ኦል» ይከፍተዋል። ሃርድ የሆነውን አይከፍትም።

ሰው የሚሳሳተው መዝገቡ አንድ ብቻ እየመሰለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለዋይፋይ ሁለት አለ። አንዱ «ፋይ0» ነው፤ ይህ የካርዱ የራሱ ነው፣ «ሃርድ» የሚለው ፒኑን አንብቦ ነው። ሌላው ከላፕቶፑ ሠሪ ድራይቨር የመጣ ነው፤ «ኤችፒ-ዋይፋይ»፣ «ዴል-ዋይፋይ»፣ «አይዲያፓድ_ውላን» የመሳሰሉት። ይኼኛው «ሃርድ» የሚለው ካርዱን አይቶ አይደለም። ባዮሱን ወይም ኢሲውን «ስላይደሩ የት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው።

ስላይደር የሌለው ማሽን ለዚህ ጥያቄ ምን ይመልሳል? ዜሮ። ዜሮ ደግሞ «ተዘግቷል» ተብሎ ይተረጎማል። ኔትወርክ ማናጀር በበኩሉ የላፕቶፑን ድራይቨር ቃል ከካርዱ ቃል ያስበልጣል፤ ስለዚህ ካርዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ዋይፋዩን አላበራም ይላል። የሌለ ማጥፊያ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሁለቱም መዝገቦች ሃርድ ካሉ ፒኑ በእውነት ወርዷል፤ የቦርድ ነገር ነው። የሠሪው መዝገብ ብቻ ሃርድ ብሎ ፋይ0 ክፍት ከሆነ ችግሩ የድራይቨር ነው። ኢንቴል ካርድ ከሆነ «ሱዶ ዲሜሴጅ» (የከርነሉ መልእክቶች መዝገብ) ውስጥ «አርኤፍ_ኪል» የሚል መስመር ካለ ያ የካርዱ ምስክርነት ነው።

የድራይቨር ከሆነ መጀመሪያ ከርነሉን አሻሽል። ድራይቨሮቹ ውስጥ ስላይደር የሌላቸው ሞዴሎች ዝርዝር አለ፤ በየከርነሉ እትም እየተጨመረበት ስለሚሄድ ያንተም ሞዴል በአዲሱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ካልሆነ ሞጁሉን (የላፕቶፑን ሠሪ ድራይቨር) ለጊዜው አውጣው፦ «ሱዶ ሞድፕሮብ» ብለህ፣ ሰረዝና አር ጨምረህ፣ የሞጁሉን ስም ጻፍ። ዋይፋዩ ወዲያው ከተነሳ ምክንያቱ ተረጋግጧል። በዘላቂነት ለማገድ «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው «ሞድፕሮብ.ዲ» አቃፊ ውስጥ ስሙ በ«.ኮንፍ» የሚያልቅ ፋይል ፍጠርና «ብላክሊስት» ብለህ የሞጁሉን ስም አስከትል።

ይህ ግን ዋጋ አለው። የሠሪው ሞጁል የሚሠራው ይህን ብቻ አይደለም። አይዲያፓድ ላይ ለምሳሌ ባትሪው እስከ መቶ እንዳይሞላ የሚያደርገውና አንዳንዶቹ የኤፍኤን ቁልፎች በእሱ ውስጥ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ለሚውል የክፍል ማሽን የባትሪው ገደብ ትልቅ ነገር ነውና ማገዱን የመጨረሻ አድርገው።

ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ካሉ ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፈርምዌር የመጨረሻውን ሁኔታ ይይዛል፤ ዊንዶውስ ላይ በኤርፕሌን ሞድ ጠፍቶ ወደ ኡቡንቱ ሲገባ ተዘግቶ ይጠብቃል። ኡቡንቱም ራሱ የሶፍት ብሎኩን ሁኔታ ስለሚያስቀምጥ ሪስታርት ብቻውን አያጠራውም።

ቁልፉ ራሱ ምን እንደሚልክ ማየት ከፈለግህ «ሱዶ ኢቪቴስት» በል፣ ኪቦርዱን ምረጥ፣ ቁልፉን ተጫን። ኮድ 247 ሬዲዮዎቹን ሁሉ የሚመለከት ነው፣ 238 ዋይፋይ ብቻ፣ 237 ብሉቱዝ ብቻ። እዚያ ላይ ካልታየ ከሌሎቹ የግቤት ዕቃዎች በሠሪው ስም የተመዘገበውን ሞክር። ዲሜሴጅ ውስጥ «አንኖውን ኪ ፕረስድ» የሚል ከመጣ ደግሞ ኢሲው ኮድ ልኳል፣ ከርነሉ ግን ትርጉሙን አያውቅም ማለት ነው።

ላብ_አዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ነው የጠራልኝ።

ሁለተኛው ማሽን ልክ እንደተባለው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሠሪው መዝገብ ሃርድ ብሎክድ ይላል፣ ፋይ0 ክፍት ነው። ሞጁሉ ሲወጣ ዋይፋዩ ተነሳ። አሁን ከርነል ማሻሻሉን እሞክራለሁ።

አንደኛው ግን «ሃርድዌር ኦፍ» ነው የሚለው። ኬብል አልተሰካበትም፤ ባዮሱ ውስጥም ስለ ስላይደሩ የሚጠይቅ ገጽ የለም። ካርዱ ሚኒ ፒሲአይ ነው። ስለዚህ መፍታት ግድ ነው። ፒን 20ን በመልቲሜትር እንዴት ልለካ?

ቦርድ_ጥገና_ፍራንኮ

ከመለካትህ በፊት ኢሲውን አጥራ። ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ፣ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሴኮንድ ተጭነህ ያዝ። ከዚያ በቻርጀር ብቻ አስነሳው። ኢሲው ቀድሞ የያዘውን ሁኔታ ስለሚረሳ አንዳንዱ እዚህ ላይ ይፈታል። (ባትሪው ውስጥ ሆኖ የሚታሰር ከሆነ ክዳኑን ከፍተህ የባትሪውን ሶኬት መንቀል አለብህ። ቲንክፓዶች ላይ ባዮስ ውስጥ ባትሪውን ለጊዜው የሚለይ ምርጫ አለ።)

ያ ካልሠራ ስላይደሩ ነው ተራው። ባትሪና ቻርጀር ወጥቶ፣ መልቲሜትሩን በጩኸት ላይ አድርገህ የስላይደሩን እግሮች ያዝ። በአንዱ አቅጣጫ መጮህ፣ በሌላው ዝም ማለት አለበት። በሁለቱም ዝም ካለ ወይም እየጮኸ የሚቆራረጥ ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል፤ የአዳማ ነፋስና አቧራ ባለበት ክፍል ይህ የሚጠበቅ ነው። ኮንታክት ክሊነር ወይም 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ አድርገህ ወዲያ ወዲህ ደጋግመህ አንቀሳቅሰው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ድጋሚ ለካ። ከውጭ የሚታየው ፕላስቲክ ማብሪያው ራሱ እንዳይመስልህ፤ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ የሚገፋ ጥርስ ብቻ ነው። ጥርሱ ከተሰበረ ከውጭ ይንሸራተታል፣ ውስጡ ንቅንቅ አይልም። ክዳኑ ተከፍቶ የውስጧን በፒንሴት ገፍተህ አረጋግጥ።

ፒን 20ን ባዶ ስሎት ላይ በቮልት መለካት ግን አይመከርም፤ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ወደ ላይ የሚጎትተው ሬዚስተር ያለው ካርዱ ላይ ስለሆነ ካርዱ ከወጣ ፒኑ ማንም ሳይዘው ዜሮ ሊያሳይህ ይችላል፤ ዜሮ ማንበብህ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በዚያው ረድፍ ፒን 24 ላይ 3.3 ቮልት አለ፤ መርፌህ ከተንሸራተተ ያገናኛቸዋል።

የተሻለው መፈተኛ ካርዱ ላይ ፒን 20ን በቴፕ መሸፈን ነው። ፒኑ ከቦርዱ ሲለይ የካርዱ ሬዚስተር ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ሬዲዮው ይከፈታል። ካርዱ ላይ አንድ ጥርብ (በፒኖቹ መሃል የተቆረጠ ቦታ) አለ፤ ጥርቡ ያለው በፒን 16 እና 17 መካከል ነው። ተጋማሽ ቁጥሮቹ በአንድ ገጽ፣ ሌሎቹ በሌላው ገጽ ናቸው። በተጋማሹ ገጽ ከጥርቡ ወዲህ 8 ፒኖች አሉ (ከ2 እስከ 16)፤ ጥርቡን ተሻግረህ የመጀመሪያው 18፣ ሁለተኛው 20 ነው። ገጹን ካምታታኸው በመልቲሜትር ለየው፦ ካርዱን በእጅህ ይዘህ አንዱን መርፌ የካርዱ ስክሩ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት ላይ፣ ሌላውን ከጥርቡ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ፒን ላይ አድርግ። ፒን 18 ግራውንድ ስለሆነ የሚጮኸው ገጽ ተጋማሹ ነው። በሌላው ገጽ እዚያ ቦታ ያለው ፒን 17 ግራውንድ አይደለም።

ቴፑ ካፕተን የሚባለው ቢጫው፣ ሙቀት የማይፈራው ይሁን። ተራ የወረቀት መለጠፊያ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ስሎቱ ውስጥ ይቀራል። ፒኖቹ ከመሃል እስከ መሃል 0.8 ሚሊ ሜትር ናቸውና ከዚያ የጠበበ ቁራጭ በስለት ቁረጥ፤ ርዝመቱ ፒኑን ጨርሶ ወደ ካርዱ አካል ትንሽ ይለፍ፣ ሲገባ እንዳይላቀቅ። ቴፑ ወደ 22 ከሸሸ ካርዱ ጭራሽ አይታይም፤ ያ ፒን የካርዱ ሪሴት ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱ ከጠፋብህ አትደንግጥ፣ አውጥተህ አስተካክለው። የአንቴና ሽቦዎቹን ስትነቅል በጥፍር ቀጥ ወደ ላይ አንሳቸው፤ ወደ ጎን ከተጎተቱ ካርዱ ላይ ያለው ክብ ሶኬት ይገነጠላል።

በቴፕ ከተከፈተ ጥፋቱ የስላይደሩ ወይም የቦርዱ ነው። በቴፕም ካልተከፈተ ፒኑ ነጻ ነው ማለት ነው፤ ወደ ድራይቨሩ ተመለስ።

ኔትወርክ_ክፍል

ቴፑ ለመፈተኛ ጥሩ ነው፤ እንደ ዘላቂ መፍትሔ ግን አልስማማበትም። ስላይደሩ ሊጠገን ከቻለ ይጠገን። ቴፕ ተደርጎ የተዘጋ ማሽን ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ «ስላይደሩ ለምን አይሠራም?» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ካርድ የቀየረ ቀን ደግሞ ቴፑ ከአሮጌው ካርድ ጋር ይወጣና ችግሩ ይመለሳል። ግድ ከሆነ ክዳኑ ውስጥ በወረቀት ጽፈህ ለጥፍ።

ቦርድ_ጥገና_ፍራንኮ

ልክ ነው፣ መጻፉ ግዴታ ነው። ግን ስላይደሯ ለዚያ ቦርድ ብቻ የተሠራች ናትና ምትክ ላይገኝ ይችላል። ዋይፋዩን ማጥፋት ሲያስፈልግ ከዊንዶውስ ስለሚጠፋ ለክፍል ማሽን ቴፑ በቂ ነው። ኤም.2 ካርድ ላይ ግን አልመክርም። የፒኖቹ ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁራጩ ስሎቱ ውስጥ ይጠቀለልና ሌላ ጥገና ይወልዳል።

ላብ_አዳማ

በቴፕ ተከፈተ። የስላይደሩ ጥርስ ተሰብሯል፤ የውስጧ ማብሪያ «ዝግ» ላይ ነው የቀረችው። ወደ «ክፍት» ገፍቼ፣ ቴፑን አንስቼ ስሞክርም ሠራ። ስለዚህ እንዲሁ ክፍት ላይ ትቼዋለሁ፤ ክዳኑ ውስጥም ተጽፏል።

አንድ ቀሪ ጥያቄ። ለሌላ ማሽን መለዋወጫ የተገዛ ኢንቴል ኤኤክስ201 ኤም.2 ካርድ አለ። ስሎቱ ውስጥ ልክ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ጭራሽ አያየውም። ይሄም የዚሁ የማጥፊያ ፒን ጉዳይ ነው?

ቦርድ_ጥገና_ፍራንኮ

አይደለም። የማጥፊያ ፒን ሬዲዮውን ይዘጋል እንጂ ዋይፋዩን ከዲቫይስ ማናጀር አያጠፋም። ኤኤክስ201 ሲኤንቪአይ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከካርዱ ሥራ ግማሹ ያለው በኢንቴል ፕሮሰሰሩ ወይም ቺፕሴቱ ውስጥ ነው፣ ካርዱ የሬዲዮውን ክፍል ብቻ ይዟል። ሲኤንቪአይ የማይደግፍ ቦርድ ላይ፣ ኤኤምዲ ላይም ጭምር፣ ይገባል ግን አይታይም። 9461፣ 9560፣ ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 ከዚህ ወገን ናቸው። 9260፣ ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 ደግሞ በተለመደው ፒሲአይ የሚሠሩ ናቸውና ስትለውጥ በኤኤክስ200 ወይም 210 ለውጥ። አንዳንድ የኤችፒና የሌኖቮ አሮጌ ባዮሶች ራሳቸው ያልፈቀዱትን ካርድ ሲያዩ ማሽኑን ከመነሳት ስለሚያግዱ፣ ከመግዛትህ በፊት ለዚያ ሞዴል የሚፈቀዱትን ካርዶች ከማሽኑ የጥገና መመሪያ ላይ እይ።